ለበረዶ ሥር ጠላቂዎች የሚሸጠው ዕቃ በታይታን፣ በዩሮፓና በኢንሰላደስ ምን ያህል ያስኬዳል?

በበረዶ በተሸፈነ ሐይቅ ሥር ለሚጠልቁ ሰዎች የሚሸጠው ሙሉ ዕቃ ዛሬ በየሱቁ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ውኃ የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ጨርቅ ድራይ ሱት፣ ከሥሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሙቀት ጠባቂ ልብስ፣ ከእጅጌው ጋር የሚገጥም ደረቅ ጓንት፣ ፊትን በሙሉ የሚሸፍን ማስክ፣ ሁለት ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር፣ በየሲሊንደሩ ላይ ለብቻው የሚታሰርና የአየሩን ግፊት ቀንሶ ለትንፋሽ የሚያቀርብ ሬጉሌተር፣ በጀርባ የሚታዘል የማንሳፈፊያ ክንፍ፣ ለክብደት የሚታጠቅ የእርሳስ ብረት፣ የእጅ ባትሪ፣ ጥልቀትን የሚያሳይ ዳይቭ ኮምፒውተርና ገመድ። ስብስቡ በምድር ላይ የተመሰገነ ነው፤ ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት በሰላም ያሠራል። እዚህ የምንመዝነው ግን ሰው ባልደረሰባቸው የሦስት ጨረቃዎች ፈሳሽ ውስጥ ቢጠለቅበት ምን እንደሚገጥመው ነው። ዕቃውን እዚያ ይዞ የሄደ የለም። የጨረቃዎቹ ስበትና ቅዝቃዜ ግን በመንኮራኩር ተጠንቷል፤ የጎማና የብረት ጠባይም የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ሒሳቡን መሥራት ይቻላል።

ፍርዱን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። ብዙ ሰው በምናቡ የሚጠልቅባት ታይታን ይህን ዕቃ በደቂቃዎች ውስጥ ከጥቅም ውጭ ታደርገዋለች፤ ገዳዩ ደግሞ ጥልቀቱ ሳይሆን ቅዝቃዜው ነው። ዩሮፓ በግፊቷ ብቻ በሩን ትዘጋለች። ብዙም የማትወራላት ትንሿ ኢንሰላደስ ግን ጥቂት ማስተካከያ ከተደረገለት ዕቃውን ትቀበለዋለች።

ከታይታን እንጀምር። የሳተርን ትልቋ ጨረቃ ናት፤ ከምድር ውጭ በገጹ ላይ ሐይቅና ባሕር እንደተኛበት የሚታወቅ ሌላ ዓለም የለም። ፈሳሹ ውኃ አይደለም፤ ሚቴን፣ ኢቴንና በውስጣቸው የሟሟ ናይትሮጅን ነው። ትልቁ ባሕር ክራከን ማሬ 400,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ከሲሶ በላይ ማለት ነው። ሁለተኛው ሊጂያ ማሬ ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2013 በራዳር ስትለካው እስከ 160 ሜትር ገደማ እንደሚጠልቅ ታውቋል። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ገደማ ነው። በገጹ ላይ ያለው የአየር ግፊት 1.5 ባር ያህል (1 ባር በምድር በባሕር ጠረፍ ያለው የአየር ግፊት ያህል ነው) ስለሆነ ጠላቂው ወደ ባሕሩ ዳር ሲቀርብ የጠፈርተኛ የግፊት ልብስ አያስፈልገውም፤ ይህ ከሦስቱ ጨረቃዎች በታይታን ብቻ የሚገኝ ጸጋ ነው።

ጥልቀቱን የሚፈራ ሰው እዚህ ይረጋጋ። የታይታን ስበት ከምድር ሰባት እጅ ያነሰ ነው፤ የፈሳሹ አንድ ሊትር ደግሞ ግማሽ ኪሎ ገደማ ብቻ ይመዝናል። ስለዚህ መቶ ሜትር ሲወረድ የሚጨመረው ግፊት 0.7 ባር አይሞላም። የሊጂያ ማሬ ወለል ላይ ቢቆም ጠቅላላው ግፊት 2.6 ባር ገደማ ነው። በምድር ባሕር ይህን ግፊት የምናገኘው 16 ሜትር ላይ ነው፤ ጀማሪ የሚማርበት ጥልቀት ማለት ነው። እዚህ ላይ ዳይቭ ኮምፒውተሩ ይሳሳታል፤ የተሠራው የውኃን ክብደትና የምድርን ስበት ታሳቢ አድርጎ ስለሆነ ጠላቂው መቶ ሜትር ወርዶ እያለ 7 ሜትር ገደማ ብሎ ያሳያል። በጠላቂው ሰውነት ውስጥ የሚሟሟውን ናይትሮጅን ሒሳብ ግን ከግፊቱ ስለሚያወጣ እሱ ትክክል ነው። ስክሪኑ ከበረደ ደግሞ ሁለቱም አይነበቡም፤ የፈሳሽ ክሪስታል ስክሪን ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ አካባቢ መፍዘዝ ይጀምራል፣ የሊቲየም ባትሪውም ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ይሞታል።

ድራይ ሱቱ የሚወድቀው በጎማው ነው። የኒዮፕሪን ጎማ ከዜሮ በታች አርባ ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መለጠጡ ቀርቶ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። የተፈጥሮ ጎማ እስከ ሰባ፣ ሲሊኮን እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ይታገሣል። በ180 ግን ሁሉም አንድ ናቸው፤ የአንገትና የእጅ አንጓ ማሸጊያው ጠላቂው ክርኑን ሲያጥፍ ይሰነጠቃል፣ የዚፑ ጎማ ይፈረካከሳል፣ በሬጉሌተሩ ውስጥ ያሉት ኦሪንጎች፣ ማለትም የጎማ ማሸጊያ ቀለበቶች፣ ማሸግ ያቆማሉ። ብረቱ ላይ ምርጫ አለ። ነሐስ፣ አሉሚኒየምና ኒኬል ያለበት አይዝጌ ብረት በዚህ ቅዝቃዜ ጥንካሬያቸውን አያጡም፤ ብዙ የበረዶ ጠላቂዎች የሚመርጡት የክሮም ብረት ሲሊንደር ግን ተሰባሪ ስለሚሆን በውስጡ 200 ባር ይዞ ወደ ታይታን መግባት የለበትም። በማሸጊያ ቦታዎች ቴፍሎን መተካት ይቻላል፤ በፈሳሽ ጋዝ ፋብሪካዎች የሚሠራበት እሱ ነው። ነገር ግን ቴፍሎን እንደ ጎማ ተለጥጦ አንጓን አያቅፍም፤ በጸደይ ብረት ተገፍቶ በጠጣር ቀለበት ላይ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ልብሱ በጨርቅ ፋንታ ጠጣር መገጣጠሚያ ያለው ልብስ ወደ መሆን ይሄዳል።

ሙቀቱን እናስላ። የሙቀት ጠባቂው ልብስ የማስተላለፍ አቅም በሜትር በዲግሪ 0.04 ዋት፣ የሰውነት ስፋት 2 ካሬ ሜትር፣ የቆዳ ሙቀት 32 ዲግሪ ብንወስድ፣ 2 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ በአንድ ሴንቲ ሜትሩ ልብስ በኩል የሚወጣው ሙቀት 240 ዋት ገደማ ነው። በሥራ ላይ ያለ ሰውነት ይህን ያህል ማመንጨት ይችላል፤ ልብሱ በምድር የሚያረካውም ለዚህ ነው። በታይታን ያው ልብስ 1,700 ዋት ገደማ ያፈስሳል። ወደ 240 ለመመለስ ውፍረቱ 7 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። በዚህ ውፍረት ጣት አይታጠፍም፤ ስለዚህ ጓንቱ በኤሌክትሪክ መሞቅ ወይም በመቆንጠጫ እጅ መተካት ይኖርበታል።

ውፍረቱ አንድ የሚያስደስት ነገር ይዞ ይመጣል። ከነዕቃው 120 ኪሎ የሚመዝንና 120 ሊትር ቦታ የሚይዝ ጠላቂ በምድር ውኃ አይሰምጥም፣ አይንሳፈፍም። በታይታን ግን የሚገፋው ፈሳሽ 60 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ይሰምጣል፤ ለመመጣጠን ሌላ 120 ሊትር ጋዝ ያስፈልገዋል። በገበያ ያለ የማንሳፈፊያ ክንፍ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሊትር ነው የሚይዘው። እዚህ ላይ ያ ሰባት ሴንቲ ሜትር ልብስ ይደርሳል፤ ከ140 ሊትር በላይ ቦታ ይጨምራል። የራሱ ክብደት 20 ኪሎ ቢሆን እንኳ ጠላቂው ወደ ሚዛን ይመለስና ክንፉ የቀረችውን ጥቂት ልዩነት ብቻ ይሞላል። እርሳሱን ቤት ትቶ መሄድ ነው። ማሳሰቢያው ልብሱ በግፊት የማይጨመቅ መሆን አለበት የሚል ነው፤ ከተጨመቀ ሙቀት መያዙም ማንሳፈፉም አብረው ይቀንሳሉ።

ትልቁ ችግር ሲሊንደሩ ውስጥ ነው፤ ስለ ታይታን በሚታለሙ ሕልሞች ውስጥ ይህ ሲነሳ አይታይም። በ200 ባር የተሞላ ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር 2.9 ኪሎ ገደማ አየር ይይዛል። ሲሊንደሩ ሳይሸፈን ወደ ባሕሩ ከገባ አየሩ እየቀዘቀዘ ሄዶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ያ ሁሉ አየር ከ4 ሊትር በታች በሆነ ፈሳሽ ይጠቃለልና ግፊቱ ወደ 4 ባር አካባቢ ይወርዳል። የሬጉሌተሩ የመጀመሪያ ክፍል ደግሞ ከአካባቢው ግፊት በላይ 9 ወይም 10 ባር ካላገኘ በትክክል አይመግብም። ጠላቂው ሲሊንደሩ ሙሉ ሳለ አየር ያጥረዋል። ይባስ ብሎ ከፈሳሹ በላይ የሚተነው ጋዝ የምናውቀው አየር አይደለም፤ ናይትሮጅን ቀድሞ ስለሚተን ኦክስጅኑ ከ10 በመቶ በታች ነው። እሱን የሚስብ ሰው መታፈን ሳይሰማው ራሱን ይስታል። መፍትሔው ሲሊንደሩን ከልብሱ ሙቀት መከላከያ ሥር ማስገባት ነው። ቧንቧውም በውስጥ ይሂድ።

ወደ ውጭ የሚተነፈሰው አየርም አደጋ አለው። በትንፋሽ ውስጥ ያለው ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወዲያው ይጠጥሩና የመውጫ ቫልቩን በአመዳይ ይደፍኑታል። ከዚህ የከፋው 16 በመቶ ያህል ኦክስጅን ያለበት አረፋ ወደ ሚቴን ባሕር መለቀቁ ነው። ታይታን የማትቃጠለው ኦክስጅን ስለሌላት ብቻ ነው፤ ጠላቂው ያንን የጎደለ ነገር ራሱ ያመጣላታል፣ የልብሱ ማሞቂያ ሽቦ ደግሞ ብልጭታ ይጨምርለታል። ስለዚህ አየር ወደ ውጭ የሚለቅ ሬጉሌተር በታይታን ፈጽሞ አንመክርም። ትንፋሹን አጣርቶ የሚመልስ ዝግ መሣሪያ፣ ማለትም ሪብሪዘር፣ ግዴታ ነው። ጥቅሙም ብዙ ነው፤ አንድ ሰው በሥራ ላይ በደቂቃ 1.5 ሊትር ገደማ ኦክስጅን ስለሚጠቀም ባለ 3 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ከስድስት ሰዓት በላይ ያቆያል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጣሪያው ኖራ ከበረደ ሥራውን ያቆማል፤ እሱም ከልብሱ ሥር መቀመጥ አለበት።

ድራይ ሱቱን በአርጎን መሙላት የሚወዱ ጠላቂዎች አሉ፤ ከአየር የተሻለ ሙቀት ስለሚይዝ ነው። በታይታን ይህን ልማድ መተው ይገባል። አርጎን በዚህ ቅዝቃዜ ግፊቱ 2 ባር አካባቢ ሲደርስ ፈሳሽ መሆን ይጀምራል፤ በጥልቁ በልብሱ ውጫዊ ሽፋን በኩል ይንጠባጠባል። ናይትሮጅን ይሻላል።

ልብሱ ሙቀት ካፈሰሰ ፈሳሹ ራሱ አረፋ ያወጣል። ሚቴን በ1.5 ባር የሚፈላው ከባሕሩ ሙቀት በሃያ ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ነው፤ የሟሟው ናይትሮጅን ደግሞ ከዚያም በፊት እንደ ለስላሳ መጠጥ ጋዝ ይወጣል። በአሜሪካ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለናሳ የታይታን ሰርጓጅ መርከብ ሐሳብ ይህን ፈሳሽ በላቦራቶሪ ሠርተው የሞቀ አካል ሲገባበት አረፋ እንደሚያወጣ መርምረዋል። ለጠላቂው ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ሙቀት የሚያፈስ መገጣጠሚያ በአረፋ ይሸፈናል፣ ማስኩ ፊት ያለው አረፋ እይታን ይጋርዳል፣ አረፋው ላይ የተቀመጠ እግርም በድንገት ይከዳል። የእጅ ባትሪውም ሙቀት ስላለው ከአካል ራቅ ተደርጎ ይያዝ።

ስለ ብርሃን ወቅቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ትልልቆቹ ባሕሮች በሰሜን ዋልታ አካባቢ ናቸው፤ የሳተርን አንድ ዓመት ደግሞ 29 የምድር ዓመት ከግማሽ ነው። በሰሜን ዋልታ ፀሐይ የጠለቀችው እ.ኤ.አ. በ2025 ስለሆነ ባሕሮቹ እስከ 2030ዎቹ መገባደጃ በረጅሙ ክረምት ውስጥ ይቆያሉ። በበጋም ቢሆን በጭጋጉ አልፎ የሚደርሰው ብርሃን ከምድር ቀን አንድ ሺህኛ ያህል ነው። ድራጎንፍላይ የተባለችው የናሳ በራሪ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2028 ተነሥታ በ2034 እንድትደርስ የታቀደች ቢሆንም የምታርፈው በወገቡ አካባቢ ባለው የአሸዋ ክምር ላይ ነው፤ ባሕሮቹን አታይም።

ዩሮፓ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። የጁፒተር ጨረቃ ናት፤ ከበረዶዋ ሥር የጨው ውኃ ውቅያኖስ እንዳላት ማስረጃው ጠንካራ ነው። በረዶው 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን ከሥሩ ገና ውኃውን ስንነካ ግፊቱ 240 ባር ይሆናል። ሰው በግፊት ክፍል ውስጥ የደረሰበት ትልቁ ግፊት የ701 ሜትር ጥልቀት ያህል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በፈረንሳይ የተደረገ ሙከራ ሲሆን ከ71 ባር አይበልጥም። 200 ባር የተሞላ ሲሊንደር እዚያ ሙሉ ሊባል አይችልም፤ ውጭ ያለው ግፊት ስለሚበልጥ ቫልቩ ሲከፈት ውኃው ወደ ውስጥ ይገባል። ከበረዶው በላይ ደግሞ የጁፒተር ጨረር በቀን 5 ሲቨርት ገደማ፣ ማለትም ሰው ሊገድል የሚችል መጠን፣ ያወርዳል፤ ልብሱ አይከላከለውም። ለዩሮፓ የሚሆነው ሰው የሌለበት መሣሪያ ነው።

ኢንሰላደስ 504 ኪሎ ሜትር ዲያሜትር ብቻ ያላት የሳተርን ጨረቃ ናት። ካሲኒ እ.ኤ.አ. በ2005 ከደቡብ ዋልታዋ ስንጥቆች የውኃ ተንና በረዶ እየተፈናጠረ ሲወጣ አገኘች፤ ከሥር ያለው ውኃ ጨዋማ፣ እንደ ሳሙና አልካሊ የሚበዛበትና ዜሮ ዲግሪን የሚጠጋ ነው። ስበቷ ከምድር 87 እጅ ያነሰ ነው። በደቡብ ዋልታ በረዶው 5 ኪሎ ሜትር ነው ብንል ከሥሩ ያለው ግፊት 5.2 ባር ብቻ ይሆናል፤ በምድር ባሕር የ42 ሜትር ጥልቀት ነው። የሠለጠነ ጠላቂ በዛሬው ዕቃ የሚሠራበት ቦታ ማለት ነው። ድራይ ሱቱም፣ ሙቀት ጠባቂውም፣ ኦሪንጉም እንዳሉ ያገለግላሉ።

መለወጥ ያለበት መጀመሪያ ጋዙ ነው። በ5.2 ባር ተራ አየር በሊትር 6.7 ግራም ይደርሳል፤ ጠላቂዎች የማይታለፍ ብለው የሚይዙት 6.2 ግራም፣ የሚመከረው ደግሞ 5.2 ነው። ከዚያ በላይ ትንፋሽ ይከብዳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ ይከማቻል። 21 በመቶ ኦክስጅን፣ 35 በመቶ ሂሊየምና ቀሪው ናይትሮጅን የሆነው የተለመደ ትራይሚክስ ወደ 4.8 ግራም ያወርደዋል። በምድር ገጽ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው እዚህ 104 ሊትር ይጨርሳል። ሁለቱ ሲሊንደሮች 4,800 ሊትር ይይዛሉ፤ በሲሶ ደንብ አንዱ ሲሶ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ለአደጋ ሲባል ለመሄጃ 15 ደቂቃ ይገኛል። በዚያ ጊዜ ከበረዶው ስንጥቅ ውኃ የሞላበትን 4.5 ኪሎ ሜትር ያህል ዋኝቶ መውጣት አይታሰብም። ጠላቂው የሚነሣበት የግፊት ክፍል እስከ በረዶው ጣሪያ ድረስ መውረድ አለበት፤ ግፊት መቀነሱም በክፍሉ ውስጥ ነው የሚሆነው። ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይቻላል፤ በምድር ጠላቂ ሲወጣ ሰውነቱ የሟሟውን ጋዝ እንዲያስወጣ በየ3 ሜትሩ የሚደረገው ማረፊያ በኢንሰላደስ በየ265 ሜትሩ ይሆናል። የክፍሉ ግፊት እስከ 1 ባር ብቻ ይውረድ፤ ከዚያ በቀጥታ 0.3 ባር ወደሚይዝ የጠፈር ልብስ መሸጋገር የደም አረፋ ያመጣል።

ሁለተኛው የድራይ ሱቱ ማስወጫ ቫልቭ ነው። በምድር ጠላቂው ትከሻውን ከፍ ሲያደርግ ጋዙ ወደ ላይ ተሰብስቦ ይወጣል፤ ይህ የሚሆነው ከእግር እስከ ትከሻ ባለው 1.5 ሜትር ውስጥ 150 ሚሊ ባር የግፊት ልዩነት ስላለ ነው። በኢንሰላደስ ልዩነቱ 1.7 ሚሊ ባር ነው፤ ቫልቩን አይከፍትም። ጋዙ በልብሱ ውስጥ ባለበት ይቀራል። ስለዚህ በራሱ የሚከፈተውን ትቶ በእጅ ተጭነው የሚያስወጡትን ቫልቭ መግዛትና ሌላውን እጅ በልብሱ ላይ ተጭኖ ማስወጣት ያስፈልጋል። የትንፋሽ አረፋም በሰከንድ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚወጣ ከማስኩ ፊት አይርቅም፤ የማስኩ ማስወጫ በጎን በኩል የሆነው ይመረጥ። ማንኛውም ዕቃ ከመግባቱ በፊት ከሕያው ነገር ሁሉ መጽዳት አለበት፤ ካሲኒ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ሳተርን ገብታ እንድትቃጠል የተደረገው እነዚህን ጨረቃዎች በምድር ተሕዋስያን እንዳትበክል ነው።

ከሁሉ በላይ የምናስጠነቅቀው ስለ ገመዱ ነው። በምድር ጠላቂ መስመጡን ቀድሞ የሚነግረው ጆሮው ነው። በኢንሰላደስ መቶ ሜትር ቢሰምጥ ግፊቱ የሚጨምረው 0.11 ባር ብቻ ነው፤ ጆሮ ብዙም አይሰማውም፣ ኮምፒውተሩም አንድ ሜትር ጨመረ ይላል። አምስት ኪሎ ትርፍ እርሳስ የሚስበው በምድር 60 ግራም በሚስብበት ኃይል ስለሆነ መስመጡ ዝግ ያለና የማያስታውቅ ነው፤ ከሥር ያለው ውኃ ደግሞ በአሥር ኪሎ ሜትሮች ይጠልቃል። ስለዚህ ጥልቀት የሚለካው በገመድ ነው። በየ5 ሜትሩ ምልክት ያለው፣ ውኃ የማይጠጣ ፖሊፕሮፒሊን ገመድ ይገዛ፤ ናይለን ውኃ ጠጥቶ በበረዶው አፍ ላይ በርዶ ይጠጥራል። አንዱ ጫፍ በጠላቂው መታጠቂያ፣ ሌላው በግፊት ክፍሉ ውስጥ በሚቀመጠው ረዳት እጅ ይሁን፤ ርዝመቱም ከ50 ሜትር አይለፍ።